ጦስኝ ወይስ ሽፈራው፦ ለሻይ የቱ ይሻላል?

ዋጋ፦ ጦስኝ የደጋ ቅጠል ነው፤ ለጎጃም ሰው ሩቅ አይደለም፣ ርካሽም ነው። ሽፈራው አገሩ ኮንሶና አርባ ምንጭ ስለሆነ እዚህ ደርቆ ወይም ተፈጭቶ ይመጣል፣ ይወደዳል።

ውስጣቸው፦ ሁለቱም አንቲኦክሲደንት (የሰውነት ሴሎችን ከጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር) አላቸው። ጦስኝ ሮዝማሪኒክ አሲድ፣ ቲሞልና ካርቫክሮል፤ ሽፈራው ሩቲንን የመሰሉ ፍላቮኖይዶችና ቫይታሚን ሲ። ቫይታሚን ሲው ግን ፈላ ካለ ይቀንሳል፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ሁሉ ጠጣሁት አይበሉ።

አፈላል፦ እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። የጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል ያሉት በሚተን ዘይቱ ውስጥ ነው። እናቴ ማንቆርቆሪያውን ሳትከድን ስታንተከትከው ሽታው ለጎረቤት ይደርስ ነበር፤ ለእኛ የቀረው ቢጫ ውሃ ነው። ውሃውን አውርደው ቅጠሉን ይጨምሩ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይክደኑት። የሽፈራው ዱቄት ከሥር ይዘቅጣል፣ ማጥለያ ይፈልጋል፤ ጣዕሙም ሣር ሣር ይላል (እኔ አልወደውም)።

ጥንቃቄ፦ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርም፣ አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ደም ማነስ ያለበት ከምግብ ጋር አይጠጣ፤ ሻዩ የምግቡ ብረት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል።

ለጉንፋንና ለብርድ ማታ ጦስኝ። ቅጠሉን ከነምግብነቱ ለሚፈልግ ሽፈራው፣ እሱም ከሻይ ይልቅ በሾርባ።