ልጆች ይዛችሁ ሪዞርት ልትሄዱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይቺን ልጅ አግኟት

ሰላም ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች በሙሉ።

እኔ እዚህ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ሰርግና ልደት ላይ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብዬ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ዝም ካልኩ ውለታ መብላት ይሆንብኛል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጠባብ የጉዞ ቢሮ ያላትን አንዲት ልጅ ላመሰግን ነው። ስሟን አልጽፍም። የከለከለችኝ እሷው ናት፤ «ስሜን ከጻፍሽው ዘመድ ሁሉ ትኬት በዱቤ ቁረጪልኝ እያለ ይመጣብኛል» አለችኝ። ሐቋን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግማሽ ዓመት እረፍት ሦስቱን ልጆቻችንን ይዘን ቢሾፍቱ ሄድን፤ የውሃ መጫወቻ ያለው ሪዞርት ሁለት ሌሊት አድረን መጣን። ትልቁ ማሙሽ 7 ዓመቱ ነው፣ ሚሚ 4፣ ትንሹ ገና ዓመት ተመንፈቁ። አማቴ ሲሰሙ «ገላ ለመታጠብ ነው ይሄ ሁሉ አገር?» አሉ። ሎጎ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተኝቶ እያለ፣ እሳቸውም አልተሳሳቱም። ግን ሎጎ ላይ ሸርተቴ የለም፣ ልጆቹ ደግሞ ቪዲዮውን አይተውታል። አንዴ ካዩት አበቃ።

ዓምና ተቃጥለን ነበር። በቴሌግራም ያገኘነው ሰው «ሙሉ ፓኬጅ ነው፣ ልጆች በነፃ» ብሎ ብሩን ተቀበለን። ሌላ ከተማ ነው፣ ስም አልጠራም። ስንደርስ ለካ «ልጆች በነፃ» ማለት አልጋ ሳይጨመርላቸው፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ውሃውም ውስጥ ሳይገቡ ማለት ነው። ባለቤቴ ወንበር ላይ አደረ። ሰውየው ጋ ብንደውል ስልኩ ዝግ። ይቅር ብለነዋል፤ ማለቴ ባለቤቴ ይቅር ብሎታል።

ስለዚህ ዘንድሮ ጎረቤቴ «እሷ ጋ ሂጂ» ስትለኝ ግማሽ ልቤን ይዤ ነው የሄድኩት። ሦስቱንም ልጆች እያስከተልኩ ገባሁ። ዋጋ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ ጀመረች። ትንሹ ይራመዳል ወይስ ይድሃል? ማታ ስንት ሰዓት ይተኛል? ጡት ይጠባል? መኪና የሚያጥወለውለው ማንኛቸውን ነው? ትኬት ልቆርጥ መጣሁ ወይስ ላስከትብ እስክል ድረስ ነው። ሁሉንም በእስክሪብቶ ትጽፋለች።

ቀጥላ ማሙሽን አየት አደረገችውና «ቁመቱስ?» አለችኝ። እኔ እንጃ። የልጄን ጫማ ቁጥር እንጂ ቁመቱን ማን ያውቃል? መሳቢያዋን ሳብ አድርጋ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች፤ ያቺን ቢጫዋን፣ ጫፏ የተበላውን። ጫማውን አስወልቃ በሩ መቃን ላይ አቆመችው። ልጄ ተንኮለኛ ስለሆነ ወዲያው በጣቶቹ ቆመ። «ተረከዝ መሬት!» አለችው እንደ ሃምሳ አለቃ። ደብተር ጭንቅላቱ ላይ አጋድማ ለካችው። 116።

«ስማኝ ማሙሽ፣ ትልቁ ሸርተቴ በዕድሜ አይደለም፣ በቁመት ነው። 120 ካልሞላህ አያስገቡህም። አንተ 4 ሴንቲ ይቀርሃል። መካከለኛው ግን ያንተ ነው፣ እስኪበቃህ ትወርድበታለህ።»

እሱማ እዚያው አለቀሰ። እኔ ተናደድኩ፤ ምን አለ ዝም ብትለው? እሷ ግን ቀስ ብላ «አብሽሪ እህቴ፣ እዚህ ሲያለቅስ በነፃ ነው። እዚያ ግን ከፍለሽ ነው የሚያለቅሰው» አለችኝ።

ይቺን አባባል ያዙልኝ፣ ወደኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ዋጋ ላይ ስንደርስ እኔ ሦስት ሌሊት ነበር ያሰብኩት። ሁለት ይበቃችኋል አለች። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ ትንሹ ይነጫነጫል፣ እናንተም ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ ቴሌቪዥን ታያላችሁ፣ ለዚያ ደግሞ ቤታችሁ አለ። ቅዳሜና እሁድንም ተዉት፣ ከአዲስ አበባ ሰው ይጎርፋል፣ ሰርግ አለ፣ ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤ ሰኞ ግቡ፣ ረቡዕ ውጡ። በዚህ ምክር የሷ ኮሚሽን ነው የቀነሰው፣ የኛ ኪስ አይደለም። ቀብዱንም በቀጥታ ሆቴሉ የባንክ ሒሳብ ላይ አስገቡ ብላ ቁጥሩን ሰጠችን። ደረሰኙ በኛ ስም መጣ። ከዓምናው ሰውዬ በኋላ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። (ዋጋ አልጽፍም፣ እስክታነቡት ድረስ ይቀየራል።)

መንገዱን በተመለከተ እኛ በመኪና ነበር ያሰብነው። ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሐረጎን ተጠማዝዘሽ ወርደሽ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ቀልጠሽ፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ደርቀሽ፣ ሦስት ልጅ ይዘሽ። የመንገዱንም ሁኔታ እናንተው ታውቁታላችሁ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም፣ ከ2 ዓመት በታች ያለው ደግሞ ታቅፎ ነው የሚሄደው አለችን። የሦስቱንም የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ ብላ ሁለቴ አስታወሰችን፤ ማታም መልእክት ላከች፣ ሦስተኛ። እስከ ኮምቦልቻ የሚያወርደን ሹፌርም እሷ ናት ያገናኘችን፤ ሚሚ ሐረጎ ላይ ስታስመልስ ፌስታሉን ከመቀመጫው ኪስ አውጥቶ ያቀበለን እሱ ነው፣ ፊቱን እንኳን አላጨማደደም። እሱንም በዚሁ አመሰግናለሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ ግን። ማሙሽ የቢሾፍቱን ፎቶ ቢሮዋ ውስጥ አይቶ «ይሄ ሐይቅ ማን ቆፈረው?» ቢላት «እሳተ ገሞራ» አለችው። እውነቷን ነው፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች የድሮ እሳተ ገሞራ የተዋቸው ጉድጓዶች ናቸው። ልጄ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት «ዛሬ ቢፈነዳስ?» እያለ አላስተኛንም። ጠዋት ደግሞ ቡና የሚቀዳውን አስተናጋጅ ጠየቀው። አስተናጋጁም «ዛሬ አይፈነዳም፣ ማክሰኞ ነው» ብሎ አረጋጋው።

አሁን ወደ ክፍሉ ልምጣ፤ እውነት ለመናገር ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው። ልጅቷ አስቀድማ ሆቴሉን ምድር ላይ ያለ ክፍል፣ በረንዳ የሌለው፣ የሕፃን አልጋ የገባበት ይሁን ብላ አስይዛ ነበር። ስንደርስ ሁለተኛ ፎቅ ሰጡን። በረንዳ አለው፣ ሐይቁን ያሳያል፣ ፎቶ ለሚነሳ ሰው ገነት ነው። የበረንዳው ብረት ግን ክፍተቱ ሰፊ ነው። ሻንጣውን ሳላስቀምጥ ትንሹ ሄዶ አንድ እግሩን አሾለከ። ልቤ እግሬ ስር ወደቀ። ወርጄ ብጠይቅ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ «ሲስተሙ ላይ እንደዚያ አይልም» አለኝ። ባለቤቴ ሊቆጣ ሲል እኔ ደወልኩላት። ከሰዓት 9 ሰዓት ነው፣ ቢሮዋ ሰው ይሰማል። «አትጨቃጨቁ፣ ሻይ ጠጡ» አለችን። ሆቴሉ የላከላትን ማረጋገጫ አስቀምጣው ኖሯል፣ ለኃላፊው መልሳ ላከችው። ሻዩን ሳንጨርስ ቁልፍ ቀየሩልን። የሕፃን አልጋው እዚያኛው ክፍል ተዘርግቶ ነበር የሚጠብቀን። ሆቴሉን አልወቅስም፣ ከዚያ በኋላ በደንብ ነው የያዙን። ክፍላችንን የምታጸዳው እህት ሳንጠይቃት ማታ ማታ ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ታመጣልን ነበር፣ ለትንሹ ወተት። እግዜር ይስጣት።

ውሃው ጋ ደግሞ አንድ ጥፋት የኔ ነው። ልጅቷ «የዋና ዳይፐር ለብቻው አለ፣ እሱን ግዢ» ብላኝ ነበር። እኔ ዳይፐር ዳይፐር ነው ብዬ ተውኩት። ትንሹን ትንሿ ገንዳ ውስጥ አስገባሁት፤ አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ዳይፐሩ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ዱባ አከለ። ልጁ መነሳት አቃተው። ቆም ይልና ክብደቱ ወደኋላ ይጎትተዋል፣ ቁጭ። አጠገባችን የነበሩ ሴትዮ በሳቅ ፈርሰው ሲያበቁ ከቦርሳቸው አንድ አውጥተው ሰጡኝ። የዋናው ዳይፐር ለካ ውሃ አይመጥም፣ ሌላውን ነገር ብቻ ነው የሚይዘው።

ሌላው ምክሯ ሁሉ ልክ ነበር። ጠዋት ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ግቡ ብላን ነበር፤ ጥር ስለሆነ እውነትም ጠዋት የገቡት ልጆች ከንፈራቸው ጠቁሮ ነው የወጡት። ደሴ ብርድ የለመደ ልጅ ፀሐይ አይነካውም ብላችሁ አትታለሉ፣ ቢሾፍቱም 1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደመና ቢኖርም ያቃጥላል አለች። ክሬም ቀባናቸው፣ አፍንጫ ላይ የዘለልነው ቦታ ብቻ ተላጠ። አንዱን ግን ኮስተር ብላ ነው የነገረችን፤ ልጅ ሲሰጥም አይጮህም፣ ድምፅ ሰምቼ እደርሳለሁ እንዳትሉ፣ ላይፍ ጋርዱ የሁሉም ነው፣ እናንተ ግን ከልጁ ክንድ ርቀት አትራቁ፣ አንዳችሁ ስልክ ስታወሩ ሌላችሁ ዓይናችሁ ውሃው ላይ ይሁን። እኛም ተራ ገባን፤ ባለቤቴ ፎቶ ሲያነሳ እኔ እጠብቃለሁ፣ እኔ ምሳ ስበላ እሱ። አንድም ፎቶ ላይ አብረን የለንም።

አሁን ወደ ልቅሶው። ማክሰኞ ከሰዓት ትልቁ ሸርተቴ ጋ ደረስን። ደረጃው ስር መለኪያ እንጨት ቆሟል፣ ቀይ መስመር አለው። አንድ ማሙሽን የሚያክል ልጅ እዚያው መሬት ላይ ተንከባሎ ይጮሃል። አባቱ ከጠባቂው ጋር ይከራከራል፣ እናቱ «ከፍለን የመጣነው ለምንድነው?» ትላለች። እኔ የኔንም ልጅ ሆድ ሊብሰው ነው ብዬ እጁን ያዝ አደረግኩት። ማሙሽ እጁን አስለቅቆኝ ሄደ፣ መለኪያው ጋ ተረከዙን መሬት አድርጎ ቆመ፣ በእጁ ጭንቅላቱን ለካና ለጠባቂው «እኔ ገና ነኝ፣ 4 ሴንቲ ይቀረኛል» አለው። ጠባቂው ሳቀ፣ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ከዚያ መካከለኛውን ሸርተቴ ስንት ጊዜ እንደወረደ እንጃ፣ ከ20 በኋላ መቁጠር ትቻለሁ።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት አስተዋዋቂ ሆኜ አይደለም፣ ሙሉ ከፍለናል፣ ቅናሽም አልጠየቅኩም። ፍጹም ናት አላልኩም ደግሞ። በጽሑፍ ብትጠይቋት ቶሎ አትመልስም፣ ከመለሰች ደግሞ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ድምፅ ነው የምትልከው። ቢሮዋ ውስጥ ያለው ሁለት ወንበር ነው፣ አንዱ ይወዛወዛል። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ዝግ ነው። ለፎቶና ለሽርሽር ብቻ የሚሄዱ ጥንዶች ያን ሁሉ ጥያቄ ላይወዱት ይችላሉ። ልጅ ላለው ሰው ግን፣ ወላሂ፣ የሚሆነውን የሚነግር ሞልቷል፣ የማይሆነውን ከፍሎ ከመሄዱ በፊት የሚነግር እኔ እሷን ብቻ ነው ያገኘሁት።

እንደተመለስን ማሙሽ መለኪያው ጋ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ አሳጥበን ወሰድንላት። ሳቀች፣ ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችው። እሱ ግን ለፎቶ አልነበረም የሄደው፤ ገና ሳይባል ጫማውን አውልቆ መቃኑ ጋ ቆመ። ያን ሰሞን በቀን ሁለት እንቁላል እየበላ ነበር። ለካችው። 116። አንዴ ደግማ ለካችው፣ ያው። «ነሐሴ ላይ ና» አለችው።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለች። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጉላቸው።