ኤምኤች ጋፕ ሁለተኛ ቅጂ፦ ለአእምሮ ሕክምና ጀማሪ ባለሙያ ምን ይሰጣል፣ ምን ይጎድለዋል

የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች ያዘጋጀው የኤምኤች ጋፕ የሕክምና መመሪያ መጀመሪያ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2010 ነው፤ ሁለተኛው ቅጂ በ2016 ተከተለ። ኢትዮጵያ ቀድመው ሥራ ላይ ካዋሉት አገሮች አንዷ ናት። በያኔው ጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች በፕራይም የምርምር ፕሮጀክት የተሞከረው የአእምሮ ጤና አገልግሎትም የቆመው በዚሁ መመሪያ ላይ ነበር። ከድርጅቱ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል፣ የስልክ መተግበሪያም አለው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ሥራ ለጀመረ ነርስ ወይም ጤና መኮንን በነፃ ከሚገኙት መካከል ከዚህ የሚሻል መነሻ አናውቅም። ዋጋው ያለው በሕመሞቹ ትርጉም ላይ አይደለም፤ ትርጉሙ በማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይገኛል። ዋጋው ምን ከምን በፊት መጠየቅ እንዳለበት ማሳየቱ ነው። በዚህ ሙያ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው ትክክለኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ ኪኒን ከመታዘዙ ነው።

የድባቴ ምዕራፉን እንይ። በሁለት ጥያቄ ይጀምራል፦ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ያልለቀቀ የመከፋት ስሜት አለ ወይ? ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ማስደሰቱን አቁሟል ወይ? ከሁለቱ አንዱ ካለ ወደ እንቅልፍ፣ ወደ ምግብ ፍላጎት፣ ወደ ድካም፣ ወደ ትኩረት ማጣት፣ ራስን ወደ መውቀስ፣ ወደ ተስፋ መቁረጥና ወደ ሞት ሐሳብ ያልፋል። ከዚያ ሕመሙ የሰውየውን ሥራና የቤት ኑሮ ምን ያህል እንዳደናቀፈ ይጠይቃል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ወደ ማዘዣ ወረቀቱ ይቸኩላል። መመሪያው ግን ቆም ያደርገዋል፦ ደም ማነስ፣ የምግብ እጥረት፣ የታይሮይድ መቀነስ፣ መጠጥና ሌላ ሱስ፣ እንደ ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶች የሚያመጡት የስሜት ለውጥ አለመሆኑ መጣራት አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ በሥራ ላይ በብዛት የሚዘለለውም እሱ ነው። ሰውየው ከዚህ በፊት ማኒያ ነበረው ወይ? ሳይተኛ ጉልበት የሚሞላበት፣ ንግግሩ የሚጣደፍበት፣ ገንዘብ ያለ ልክ የሚበትንበት፣ ከልክ በላይ የሚፈነጥዝበት ወይም የሚቆጣበት ጊዜ ነበር ወይ? ይህ ሳይጠየቅ ባይፖላር (ድባቴና ማኒያ የሚፈራረቁበት ሕመም) ላለበት ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ከተሰጠ ወደ ማኒያ ሊገለበጥ ይችላል። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ያን ጊዜ ብዙ ጊዜ አያስታውሰውም፣ ወይም እንደ ሕመም አይቆጥረውም። ስለዚህ ጥያቄው ለአስታማሚውም መቅረብ አለበት። በመጨረሻ መመሪያው ባለፉት 6 ወራት ውስጥ ትልቅ ሐዘን ደርሶበት እንደሆነ ያስጠይቃል፤ ለቅሶ ላይ ያለን ሰው በችኮላ በመድኃኒት መያዝ ተገቢ አይደለምና።

ታካሚው ደግሞ “ከፍቶኛል” ብሎ አይመጣም። ራሴን ያዞረኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል ብሎ ነው የሚመጣው። ግልጽ ምክንያት ያልተገኘለት፣ የማይለቅ የሰውነት ሕመም አንዱ የድባቴ መልክ መሆኑን ምዕራፉ ገና ከመነሻው ይናገራል። ይህን ያላወቀ ባለሙያ በጨጓራና በታይፎይድ መድኃኒት ወራት ያባክናል።

የመድኃኒት ሰንጠረዡ ግልጽ ነው። ፍሉክሶቲን በቀን 10 ሚሊግራም ተጀምሮ ከሳምንት በኋላ 20 ይሆናል፤ በ6 ሳምንት ለውጥ ካልታየ ወደ 40 ይወጣል። አሚትሪፕቲሊን ማታ በ25 ተጀምሮ በየሳምንቱ ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም እየተጨመረ ከ100 እስከ 150 ይደርሳል። ብዙ ጤና ጣቢያ 25 ላይ ቆሞ “መድኃኒቱ አልሠራም” ይላል፤ 25 ሚሊግራም ለእንቅልፍ ይረዳ እንደሆነ እንጂ ለድባቴ አይበቃም። ሌላው ስህተት ተቃራኒው ነው። የ100 ሚሊግራም ታካሚ የአንድ ወር መድኃኒት ባለ 25ቱ 120 ኪኒን፣ ማለትም 3 ግራም ነው። ይህ በአንድ ጊዜ ቢዋጥ የልብን ምት አዛብቶ ይገድላል። ስለዚህ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለው ሰው የሚሰጠው የሳምንት ብቻ መሆን አለበት፣ ኪኒኑንም የሚይዘው አስታማሚው ነው። ሲሻለው ደግሞ ወዲያው አይቋረጥም፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፣ የሚቆመውም ቢያንስ በ4 ሳምንት ቀስ እየተባለ ነው።

የሳይኮሲሱ (ከእውነታ መራቅ፣ የሌለ ድምፅ መስማትና የመሳሰለው) ምዕራፍ ባይፖላርንም አጣምሮ ይዟል፤ በመጀመሪያው ቅጂ ለብቻው ነበር። ማጣመሩን አንወደውም፣ ጀማሪን ያደናግራል። የመጠኑ ምክር ግን ወርቅ ነው፦ የሳይኮሲስ መድኃኒቱ ሃሎፔሪዶል በቀን ከ1.5 እስከ 3 ሚሊግራም ይጀመር ይላል። ታካሚው ቶሎ እንዲረጋጋ ተብሎ በከፍተኛ መጠን ሲጀመር ምን እንደሚከተል በክፍሉ የሠራ ሁሉ ያውቃል። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ወደ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ምላስ ያብጥ ይመስል ከአፍ ይወጣል። ታካሚው ግን ነቅቶ ሁሉን ይሰማል። ቤተሰብ መንፈስ አገረሸበት ብሎ ይደነግጣል፤ የማያውቅ ባለሙያም ሕመሙ የባሰ መስሎት ሌላ ሃሎፔሪዶል ይጨምራል። ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ ስሙ ዲስቶኒያ ይባላል፣ በባይፐሪደን ወይም በትራይሄክሲፌኒዲል ይፈታል። እዚህ ላይ ባለሙያው ሊጠነቀቅ ይገባል፦ መንጋጋው የተቆለፈ ሰው ኪኒን መዋጥ አይችልም። ክፍሉ ለዚህ የሚሆን ምን መርፌ እንዳለው ሃሎፔሪዶል ከመሰጠቱ በፊት መታወቅ አለበት። ጉሮሮ ከተያዘ ደግሞ የትንፋሽ ድንገተኛ አደጋ ነው።

ስለ ሚጥል በሽታ ያለው ክፍል አጭርና ጥሩ ነው። ከ5 ደቂቃ በላይ የቀጠለ መንቀጥቀጥ ድንገተኛ ነው። ለአዋቂ 10 ሚሊግራም ዳያዜፓም በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል፤ ደም ሥር ካልተገኘ መርፌው ተነቅሎ በሲሪንጁ ብቻ በፊንጢጣ ይሰጥና መቀመጫው ለጥቂት ደቂቃ ተጨፍኖ ይያዛል። በጡንቻ አይሰጥም፤ ወደ ደም የሚገባው በዝግታና ባልተስተካከለ ሁኔታ ነው። ፌኖባርቢታል የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስደውን ሰው ግን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው መድኃኒቱ መቋረጡ ነው። ኪኒኑ ሲያልቅ ወይም መጋዘን ውስጥ ሲጠፋ ድንገት ይቆምና መንቀጥቀጡ ያለማቋረጥ ሊመለስ ይችላል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ኪኒኑ ሳያልቅ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይሁን።

ራስን ስለ ማጥፋት ያለው ምዕራፍ ማንኛውም የክፍሉ ሠራተኛ፣ ጽዳትና ጥበቃ ጭምር፣ ሊያውቀው የሚገባ ነው። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ይልቁንም ሰውየውን ያቀልለዋል። አደጋው የቀረበ ከሆነ ብቻውን አይተውም፣ የፀረ ተባይ መርዝ፣ ገመድና መድኃኒት ከአጠገቡ ይነሳል።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። ሁለተኛው ቅጂ ለጭንቀት ሕመሞች የራሳቸው ምዕራፍ የለውም፤ በ2023 የታደሰው የድርጅቱ ምክረ ሐሳብ ይህን ጨምሯል፣ ስለዚህ አብሮ መነበብ አለበት። ለጫትም የተለየ ምዕራፍ የለም። በአገራችን ሳይኮሲስ ያለበት ታካሚ በመጣ ቁጥር “ይቅማል ወይ? ስንት ቀን ሳይተኛ?” ብሎ ሳይጠይቅ የሚያክም ባለሙያ ግማሹን ታሪክ አጥቷል። ከጦርነትና ከመፈናቀል ለመጡ ሰዎች ደግሞ ድርጅቱ ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ጋር በ2015 ያወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ቅጂ ይሻላል፤ ያጠረ ነው፣ ሐዘንን፣ ድንገተኛ ድንጋጤንና ከአደጋ በኋላ የሚመጣውን ጭንቀት በየራሳቸው ይዟል።

ጸበል የሚሄድ ታካሚስ? መመሪያው የሰውየውን እምነትና ስለ ሕመሙ ያለውን ግንዛቤ አክብሮ መነሳት እንደሚገባ ይመክራል፣ ስለ ጸበል ለይቶ የሚለው ግን የለም። ሥራው የባለሙያው ነው፦ ጸበሉን ሳይነቅፍ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ከታካሚውም ከቤተሰቡም ጋር መስማማት፣ ከተቻለም ጸበል ቦታ ላይ የሚያስታምመውን ሰው ማሳተፍ። “ወይ ጸበል ወይ ኪኒን” የተባለ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ኪኒኑን ነው የሚጥለው።

ተኝቶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለሚሠሩ አንድ ማሳሰቢያ አለን። መመሪያው የተጻፈው የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለሌለባቸው የጤና ተቋማት እንጂ ለአእምሮ ሕክምና አልጋ ክፍል አይደለም። የተቆጣን ታካሚ በቡድን ስለ መያዝ፣ ስለ ማሰርና ስለ ሌሊት ጥበቃ የሚለው ትንሽ ነው። እነዚህን ከየተቋሙ የአሠራር ደንብ መማር ግድ ነው። ሌላው ችግር እንግሊዝኛው ነው፤ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ በቀስት የሚመሩት የፍሰት ሥዕሎቹ በስልክ ስክሪን ሲታዩም ዓይን ያደክማሉ። የሚሻለው የድባቴ፣ የሳይኮሲስና ራስን የማጥፋት ምዕራፎቹን የፍሰት ገጾች በቀለም አትሞ፣ ፕላስቲክ አልብሶ፣ የምርመራ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነው። የአማርኛ ጥያቄዎቹ በየገጹ ጎን በእስክሪብቶ ይጻፉ፣ የማኒያውም ጥያቄ ይሰመርበት።