አባባን ከበሩ ያሻገረችልን ሐኪም

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ዛሬ ጠዋት አባባ ሲኒውን ራሱ አንስቶ ቡናውን ፉት ሲል አየሁና "በቃ፣ ዛሬማ እጽፋለሁ" አልኩ።

ነገሩን መጀመሪያ የነገረን ሲኒው ነበር። ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ቅጭል ቅጭል ሲል። ቀጥሎ አባባ ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ መደበቅ ጀመረ። ከዚያ ጡረታውን ሊያወጣ ባንክ ሄዶ "ፊርማዎ አይመሳሰልም" ተብሎ ተመለሰ። 30 ዓመት ያስተማረ፣ በእጅ ጽሕፈቱ የሚታወቅ ሰው ነው። ፊደሉ እያነሰ እያነሰ ሄዶ የጉንዳን ሰልፍ መስሏል። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ "እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል" ተባልን። ሌላው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን "ነርቭ ነው" ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘ። ኤምአርአይ ተነሳ፣ "ምንም የለም" ተባለ። ምንም ከሌለ ታዲያ ለምን ይንቀጠቀጣል? የሚመልስልኝ አጣሁ። ስም አልጠራም። ገንዘቡን ትቼዋለሁ። "አባት፣ መጠጥ ያበዛሉ እንዴ?" ያለውን ሰውዬ ግን አልተውኩትም። ጠብታ ቀምሶ የማያውቅን ሰው!

በኋላ ፓርኪንሰን የሚባል፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም መሆኑ ታወቀና ሌቮዶፓ የሚባል ኪኒን ተጀመረ። አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ። "ይጨመርለት" ተባለ፣ ተጨመረ፣ ያው ነው።

በዚህ መሀል የሥራ ባልደረባዬ ይቺን የነርቭ ሐኪም ጠቆመችኝ። እንዲህ ዓይነት የእንቅስቃሴ ሕመሞች ላይ ጥናት የምትሠራ ናት። (በዕድሜ ታናሼ ናት፤ "አንቺ በሉኝ" ስላለችን ነው እንዲህ የምጽፈው።) ልጄ ጥናቶቿን ከኢንተርኔት አወረደችልኝ። ርዕሱን አንብቤ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ጥናት የሚያበዛ ሐኪም ለሰው ጊዜ የለውም ብዬ ነበር የሄድኩት።

በሯ ላይ ስንደርስ አባባ ቀጥ አለ። እግሩ ከመሬቱ የተጣበቀ ይመስላል። በር ሲያይ እንዲህ ይደርቃል። እንደ ልማዴ ልጎትተው ስል "ቆይ፣ እሳቸው አይጎተቱም" አለች። ከወንበሯ ተነስታ መጣች። እግሯን ከአባባ ጫማ ፊት አጋድማ ዘረጋችና "አባባ፣ እግሬን እንዳይረግጡብኝ፤ ይሻገሩት" አለችው።

ተሻገረ። እንዲሁ እንደ ዋዛ ተሻገረ! እኔ እዚያው በሩ ላይ እንባዬ መጣ።

የሚሻገረው ነገር ፊቱ ሲያገኝ አንጎሉ በሌላ መንገድ ያዘዋል አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ያለው አልገባኝም። አሁን ቤታችን ከመኝታ ክፍል እስከ መጸዳጃ ቤት ድረስ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። አባባ አንድ በአንድ ይሻገረዋል።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አስኬደችውና ዝም ብላ አየችው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1817 ይህን በሽታ ሲጽፍ፣ ከስድስቱ ሰዎች ሦስቱን ያየው ለንደን መንገድ ላይ ነው አለችን። ወዲያው ማንም ያልጠየቀንን ጠየቀች፤ "ኪኒኑን ስንት ሰዓት ይወስዱታል? ከምን ጋር?"

"ጠዋት ከፉል፣ ማታ ከሽሮ ጋር" አላት አባባ ኮራ ብሎ።

ጉዱ እዚያ ነበር። ፕሮቲን ያለው ምግብና ኪኒኑ በአንድ በር ለመግባት ይጋፋሉ አለች። አሁን ኪኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይወስዳል። (የእኔን ሰምታችሁ የራሳችሁን ኪኒን እንዳትነካኩ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።) የሚገርመው፣ ሌቮዶፓ እንደ ፈረንጆቹ በ1913 ከባቄላ ተክል ተለይቶ የወጣ ነገር ነው። አባባ ይሄን ሲሰማ "ታዲያ አሹቅ ብበላ አይሻለኝም?" አላት። ከት ብላ ሳቀች። "የአሹቁን መጠን ማን ይለካልኛል? የኪኒኑን አውቀዋለሁ" አለችው። ከሐኪም ቤት ሲስቅ የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው።

አልዳነም። ፓርኪንሰን እንደማይድን በመጀመሪያው ቀን ነግራናለች። እጁ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ግን ቡናውን ይጠጣል፣ ራሱ ይለብሳል፣ በሩን ያልፋል።

እባካችሁ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃው ያጠረ፣ ጽሕፈቱ ያነሰ ወላጅ ያላችሁ፣ "እርጅና ነው" ተብላችሁ አትቀመጡ። ውሰዷቸው። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። እጇ ይባረክ፣ ዕድሜዋን ያርዝምልን።

ቀጠሯችን ማክሰኞ ነው። አባባ ከትናንት ጀምሮ ባቄላ ቁይልኝ እያለ ይነዘንዘኛል። አሹቅ ሊወስድላት ነው።