«በ40 ሰዓት የአብራሪነት ፈቃድ፣ ሙሉ ጥቅል» ለሚላችሁ ገንዘብ አትቁጠሩ

ለትርፍ ጊዜያችሁ አውሮፕላን ማብረር ልትማሩ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ። «የግል አብራሪ ፈቃድ በ40 ሰዓት፣ ሁሉን ያካተተ፣ ሙሉውን ዛሬ ከከፈሉ ቅናሽ አለው» የሚል ውል በየቦታው ይቀርባል። የሚያቀርበው ትምህርት ቤት የግድ አጭበርባሪ ነው አንልም። ውሉ ግን አደጋውን ሁሉ ከትምህርት ቤቱ ትከሻ አንስቶ ተማሪው ላይ ይጭናል።

መጀመሪያ 40 የምትለዋ ቁጥር። እሷ የደንቡ ዝቅተኛ ወሰን ናት። የአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 40 ሰዓት ይላል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ከአስተማሪ ጋር፣ 10 ሰዓት ደግሞ ብቻን። የአውሮፓው 45 ሰዓት ነው፤ 25 ከአስተማሪ ጋር፣ 10 ብቻን። ይህን ያልሞላ ለተግባር ፈተና አይቀርብም፤ የሞላ ሁሉ ግን ለፈተና ይደርሳል ማለት አይደለም። ሥራ እየሠራ በሳምንት አንድ ቀን የሚማር ሰው ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 75 ሰዓት ይፈጅበታል። ስንፍና አይደለም። ማሳረፍ የእጅና የዓይን ትምህርት ነው፤ በአየር ጠባይ ሁለት ሳምንት ከተቋረጠ ቀጣዩ በረራ ግማሹ የተረሳውን በመመለስ ያልቃል። ስለዚህ የጥቅሉን ዋጋ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ስታወዳድሩ በ65 ሰዓት አስሉ፤ ከ40 በላይ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት በስንት እንደሚከፈልም በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የጥቅሉ ቅናሽ እዚያ ላይ ተመልሶ ይበላል።

«ሰዓት» ሲሉስ የትኛው ሰዓት ነው? ገንዘብ በብዛት የሚፈሰው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። በማሠልጠኛ አውሮፕላን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቆጣሪ አለ። ሆብስ የሚባለው በብዙዎቹ ላይ የሞተር ዘይት ግፊት ሲነሳ መቁጠር ይጀምራል፤ ሞተሩ እስኪጠፋ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይሄዳል። ታኮሜትሩ ደግሞ የሞተሩን ዙር ነው የሚቆጥረው፤ በመደበኛ የበረራ ዙር አንድ ሰዓት አንድ ይሆናል፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ግን ቆጣሪውም ይዘገያል። በአንድ በረራ ታኮሜትሩ ከሆብሱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሊያንስ ይችላል። በሆብስ የሚያስከፍል ርካሽ ትምህርት ቤት ሒሳቡ በመጨረሻ በታኮሜትር ከሚያስከፍል ውድ ትምህርት ቤት ሊበልጥ የሚችለው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ለፈቃድ የሚቆጠረው ሰዓት አውሮፕላኑ ለመብረር ብሎ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ይጀምራል። ሞተር ተነስቶ፣ ቆሞ ሲሞቅና ሬዲዮ ሲስተካከል የሚያልፈው ጊዜ ሎግቡክ (የተማሪው የበረራ ሰዓት መመዝገቢያ ደብተር) ላይ አይገባም፤ ሆብሱ ግን ቆጥሮታል፣ ሒሳቡም ላይ አለ። በተጨናነቀ አየር ማረፊያ ደግሞ በየትምህርቱ 15 ደቂቃ በማኮብኮብና ወረፋ በመጠበቅ ቢያልፍ፣ በ40 ትምህርት 10 ሰዓት ይሆናል። ይሄኛው ሎግቡክ ላይ ይገባል፣ ማብረር ግን አያስተምርም። ሞተር ከመነሳቱ በፊትና ከጠፋ በኋላ ቆጣሪዎቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የመጨረሻዋ አሃዝ 0.1 ስትሆን 6 ደቂቃ ናት፤ ደረሰኙ ላይ 1.5 ተብሎ ፎቶው 1.3 ካሳየ መነጋገሪያ አላችሁ። ከጥቅሉ ሰዓት ውስጥ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ሆኖ በረራን የሚያስመስል መለማመጃ) ስንቱን እንደሚይዝም ጠይቁ፤ በአውሮፓው ደንብ ከ45ቱ ውስጥ በሲሙሌተር የሚያዘው ቢበዛ 5 ሰዓት ነው።

«ሁሉን ያካተተ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የፈታኙን ክፍያ፣ ለፈተና ቀን የአውሮፕላን ኪራይን፣ የጽሑፍ ፈተናን፣ የሕክምና ምርመራን፣ የጆሮ ማዳመጫን፣ ከበረራ በፊትና በኋላ አስተማሪው የሚያስረዳበትን ጊዜ አያካትትም። የትምህርት ቤቱ ኢንሹራንስም የሚጠብቀው ትምህርት ቤቱን ነው። ብቻችሁን ስትበሩ ለሚደርስ ጉዳት የመጀመሪያውን ድርሻ ማን እንደሚከፍል ውሉ ካልተናገረ፣ ከፋዩ እናንተ ናችሁ ብላችሁ ያዙት።

የተመላሽ አንቀጹን ደግሞ በቁጥር ፈትኑት። በጥቅሉ አንድ ሰዓት 100፣ በመደበኛው 130 ነው እንበል። ለ40 ሰዓት 4,000 ከፍላችሁ በ20ኛው ብታቆሙ 2,000 ትጠብቃላችሁ። ውሉ ግን የበረራችሁትን በመደበኛው ዋጋ ያሰላል፤ 2,600 ይቆረጣል፤ ከጠቅላላው 10 በመቶ «የአስተዳደር ወጪ» ተብሎ ሌላ 400 ይነሳል። እጃችሁ የሚገባው 1,000 ነው። ያልተበረረ ሰዓት በ12 ወር ይቃጠላል የሚል ካለበት ደግሞ ያችንም አታገኙም።

ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ቀንስ? ቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ በተለየ አደራ ሒሳብ ካልተቀመጠ ለነዳጅ፣ ለጥገናና ለደመወዝ ወጥቶ ያልቃል፤ ተማሪውም በኪሳራ ሒደቱ ከባንኩ ኋላ የሚሰለፍ አበዳሪ ይሆናል። በአሜሪካ ሲልቨር ስቴት ሄሊኮፕተርስ የተባለው ትልቅ ማሠልጠኛ በ2008 እ.ኤ.አ. በድንገት ሥራ አቁሞ ለኪሳራ ሲያመለክት፣ ተማሪዎቹ ሥልጠናው ተቋርጦ ብድሩ ግን ትከሻቸው ላይ ቀርቷል። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት ያልተበረረ ሰዓት ለገዛ ሰው የተተረተ ይመስላል።

ስለዚህ በየበረራው ክፈሉ። ቅናሹ ካጓጓችሁ ከ5 ወይም ከ10 ሰዓት በላይ አታስቀድሙ፤ የከፈላችሁትን ስትጨርሱ እንደገና ክፈሉ። ክፍያውን በኋላ ለመቃወም በሚያስችል የባንክ ካርድ ክፈሉ፣ በጥሬ ገንዘብ አይሁን። ከሁሉ በፊት የሕክምና ምርመራውን ጨርሱ፤ ከፍሎ ከጀመረ በኋላ በዓይን፣ በልብ ወይም በሚወስደው መድኃኒት ምክንያት ምርመራውን የማያልፍ ሰው አለ፣ ውሉም ይህን የተመላሽ ምክንያት አድርጎ የሚቆጥረው ከስንት አንዴ ነው።

ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ ብሮሹሩን ተዉት፤ የቀጠሮ መዝገቡን አሳዩን በሉ። ስንት አውሮፕላን ዛሬ መብረር ይችላል? ለስንት ተማሪ? በቀን ከ3 እስከ 4 ሰዓት የሚበር አንድ ሴስና 172 በወር ገደማ 100 ሰዓት ይሞላና ለምርመራ ይገባል፤ ጉድለት ከተገኘና መለዋወጫው ከሌለ ሳምንታት ይቆማል። አንድ አውሮፕላን ብቻ ካላቸው የእናንተም ትምህርት አብሮ ይቆማል፣ የረሳችሁትን መልሳችሁ የምትማሩትም በራሳችሁ ገንዘብ ነው። አስተማሪዎቹም ብዙዎቹ ወደ አየር መንገድ ለመሄድ ሰዓት የሚያጠራቅሙ ወጣቶች ናቸው፤ የእናንተው መሃል ላይ ከሄደ አዲሱ ሁሉንም እንደገና ሊፈትሽ ይፈልጋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ሎግቡካችሁን እዚያው አስፈርሙ፣ ትምህርት ቤቱ ዘንድ የሚቀመጠውን የሥልጠና መዝገብም በየገጹ ፎቶ አንሱ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ያንን ፋይል የሚሰጣችሁ ሰው አታገኙም፤ ቀጣዩ ትምህርት ቤትም ማስረጃ ያላቀረባችሁለትን ልምምድ በሙሉ ዋጋ ያስደግማችኋል።