ካሳ ተቀብሎ መልቀቅ ወይስ በይዞታ ላይ ማልማት

በአዲስ አበባ ዳርቻ የእርሻ መሬት ለከተማ ሲፈለግ አርሶ አደሩ ካሳ ተቀብሎ ይለቃል፤ ወይም በፕላኑ መሠረት ራሱ ያለማል።

የካሳው ስሌት በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር፤ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 እንዲባዛ ደንግጓል። መሻሻሉ ተገቢ ቢሆንም፣ መነሻው ዛሬም የጤፉና የሽምብራው ምርት እንጂ ያው መሬት በሊዝ ጨረታ የሚያወጣው ዋጋ አይደለም፤ ይህ ልዩነት እጅግ ያሳስበኛል። እንደ ኮዬ ፈጬ ማሳው በኮንዶሚኒየም ሕንፃ በተተካበት አካባቢ፣ ከሞፈርና ከቀንበር በቀር ሙያ ያልያዘ አባወራ አንዴ የተቀበለውን ጥሬ ገንዘብ ወደ ቋሚ መተዳደሪያ መለወጥ ይከብደዋል።

ይኸው አዋጅ ቁጥር 1161 መልሶ እንዲለማ በተወሰነ አካባቢ ለሚገኙ ባለይዞታዎች በግል ወይም በጋራ የማልማት ቅድሚያ ሰጥቷል። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ አርሶ አደሩ የሱቅና የቤት ኪራይ እያገኘ ከእድሩና ከጎረቤቱ ሳይለይ የከተማው ነዋሪ ይሆናልና። እንቅፋቱ ካፒታል ነው፤ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ስለማይሸጥ፣ ከፊሉን ሸጦ በቀረው ላይ መገንባት አይቻልም፤ ስለዚህ ቅድሚያው ከብድር ጋር ተያይዞ ሊሰጥ ይገባል።