10 እጥፍ የምታጎላው የኪስ ሌንሴ

የድሮዋ ጠፍታብኝ ነው ይህችን የገዛሁት። ገና ቁፋሮ ያልነካው የእርሳስና የብር ማዕድን ላይ ሦስት ሳምንት አብረን ዋልን።

ምስሏ ጥርት ያለ ነው፤ ጠርዙ ላይ እንኳ አይደበዝዝም። ዓለቱን ሰንጥቆ የገባው ነጭ ኳርትዝ ውስጥ ጋሊናው፣ ማለትም የእርሳስ ማዕድኑ፣ ተሰክቶ ይታያል። ጋሊናን ለመለየት እንኳ ሌንስም አያስፈልግ። ሲሰበር ትንንሽ ኩብ እየሆነ ይረግፋል፣ እጅ ላይም ይከብዳል፤ ከውኃ 7.5 እጥፍ ገደማ ነው። ሌንሷ ዋጋዋን ያወጣችው ሌላ ቦታ ነው። በዓይኔ ሁሉንም ጋሊና ብዬ ጽፌ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ዳር ዳሩን ኩብ የማይሠራ ግራጫ ነገር አለ። ቴትራሄድራይት የሚባለው ሌላ ማዕድን መሰለኝ፤ ብዙ ጊዜ ብር የሚይዘው እሱ ነው። ማስታወሻዬን ሰረዝኩ።

ጋሊናው ውስጥ የተደበቀውን ብር ግን አታሳይም። ንጹሕ ጋሊና 86.6 በመቶው እርሳስ ነው፤ ብሩ በቶን በግራም ነው የሚቆጠረው። እሱ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ድንጋይ በምላስ ማርጠብ የኛ የጂኦሎጂስቶች አመል ነው። እርሳስ መርዝ ነውና እሱ ላይ ተዉት፣ ውኃ ያዙ።

ያስከፋኝ ብሎኗ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ላላችና ሌንሷ ከሽፋኗ እየወጣች አስቸገረችኝ። ማንጠልጠያ ገመድም የላትም፤ የጫማ ክር አሰርኩባት።