ከወደቀ ዋንዛ የተሠራ የምግብ ጠረጴዛ፦ በጅማ ስላለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት

በጅማ የቤት ዕቃ በትእዛዝ ማሠራት ለሚፈልግ ሰው ዛሬ በብዛት የሚቀርብለት ኤምዲኤፍና ችፑድ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር በሚቆመው በርጩማ ስሟ ለተጠራ፣ ጂረን ላይ የእንጨት ሥራው የሚደነቀውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለያዘች ከተማ ይህ የሚያኮራ አይደለም። ስለዚህ ቆመው ያሉ ዛፎችን ሳያስቆርጥ የወደቁና ለማገዶ የታሰቡ ግንዶችን እየገዛ ዕቃ የሚሠራ ቤት መኖሩን ስሰማ፣ ለስድስት ሰው የሚበቃ የምግብ ጠረጴዛና አንድ ባለ መሳቢያ ኮሞዲኖ አዘዝኩ። ጠረጴዛው ከጠበቅሁት በላይ ሆነ፤ ኮሞዲኖውን ግን ለማንም አላሠራም። የቤቱን ስም ያልጠቀስኩትም ይህ ቅሬታ ስላለኝ ነው።

ግንዶቹ በአብዛኛው የሚመጡት ከጅማ ዙሪያ የቡና ማሳዎች ነው። ለቡናው ጥላ የሚሆኑት ዋንዛ፣ ሳሳና ብሳና ሲያረጁ አንዳንዶቹን ነፋስ ይጥላቸዋል፣ ሌሎቹ ደግሞ ቡናው ላይ እንዳይወድቁ ቀድመው ይነሳሉ። ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣውና በኋላ በሌላ አዋጅ በተተካው የደን አዋጅ በስም ተጠቅሶ ከተከለከሉት ዛፎች አንዱ በመሆኑ፣ «የወደቀ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ አምኖ መግዛት አይገባም። ይህ ቤት ግንዱ ከየት እንደተጫነ የሚያሳየውን የይለፍ ወረቀት ሳይጠየቅ አውጥቶ አሳይቶኛል፤ ይህን የሚያደርግ ሌላ እንጨት ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቤቱ የሚመሰገንበት ዋናው ነገር ግን አደራረቁ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፣ ወርዱ ግን ይኮማተራል። የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው መጠን ከመሐሉ ወደ ልጡ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነም ሳይደርቅ የተሠራ ጣውላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በሙያው የተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል በአየር ማድረቅ ሲሆን፣ በዚህ ስሌት 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የጠረጴዛ ገበታ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ዝናብ በሚበዛባት ጅማ ደግሞ ይህንን ማሳጠር አይታሰብም። ቤቱ ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ አየር እንዲያልፍበት በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይደረድረዋል። የጣውላው ጫፍ ከሌላው ቀድሞ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ቀለም ተቀብቷል፤ በየድርድሩም ላይ ግንዱ ወደ ጣውላ የተለወጠበት ወርና ዓመት ተጽፏል። ደንበኛው ጣውላውን ራሱ ይመርጣል። እኔ የመረጥኩት ዋንዛ ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ ላይ ጥቁር ስንጥቅ ነበረው፤ ሊሸፍኑት ፈልገው እንዲተውት አድርጌያለሁ።

የጠረጴዛው አሠራር የእንጨትን ጠባይ በሚያውቅ እጅ የተከናወነ ነው። እግሩና ማገሩ የተያያዙት በሚስማር ሳይሆን የአንዱ ጫፍ በሌላው ላይ በመሮ በተቆፈረ ቀዳዳ ገብቶ በኮላ ነው። ገበታውን ከታች የያዙት ብሎኖች የገቡበት ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ በመሆኑ፣ ገበታው በክረምት ሲሰፋና በበጋ ሲጠብ ሳይሰነጠቅ ይንቀሳቀሳል። ቫርኒሹ ያልበዛ፣ የዋንዛውን ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ያልደበቀ ነው።

ይህንን ሁሉ የሚያውቅ ቤት ኮሞዲኖውን እንዴት እንደዚያ እንደሠራው ለእኔ እንቆቅልሽ ነው። መሳቢያው በበጋ እንደ ልብ ይሳብ የነበረ ሲሆን ዝናቡ ሲጠና ከቦታው አልነቃነቅ አለ፤ እንጨቱ ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ሲሰፋ መሄጃ የሚሆን ክፍተት አልተተወለትም ነበር። የባሰው ደግሞ የጀርባው ሰሌዳ የተሠራው ነቀዝ ከሚወደው ነጩ የግንዱ ዳር በመሆኑ፣ ከሥሩ ደቃቅ ዱቄት ማየት ጀመርኩ። ስናገር ሰሌዳውን ያለ ክፍያ ቀይረው፣ መሳቢያውንም በመላጊያ አቅልለው መልሰውልኛል፤ ነገር ግን ይህ ከማስረከብ በፊት ሊታይ የሚገባው ነገር ነበር። እንደገባኝ ጠረጴዛውን የሚሠሩት ዋናው ባለሙያ ናቸው፣ ትንንሹ ዕቃ ግን ለጀማሪዎች ይተዋል፤ ክፍያው ላይ ይህ ልዩነት አይታይም።

ዋጋው ተመሳሳይ መጠን ካለው የኤምዲኤፍ ጠረጴዛ እጥፍ ይጠጋል፤ ግማሹ በቀብድ ይከፈላል። ለጠረጴዛው ተገቢ ነው እላለሁ። የማስረከቢያ ቀን አያከብሩም፣ ደውሎ ማሳወቅም ልማዳቸው አይደለም።

ከጅማ ውጭ ሆኖ ለሚያዝ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። አየር ላይ የደረቀ እንጨት የሚደርቀው ከአካባቢው አየር ጋር እስኪመጣጠን ብቻ ስለሆነ፣ ጅማ ላይ «ደርቋል» የተባለ ጣውላ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሲደርስ እንደገና ይኮማተራል። ዕቃው የሚሄድበትን ከተማ ከመጀመሪያው ቀን ተናግሮ፣ ጣውላው ከመሠራቱ በፊት በደረቅ ክፍል ውስጥ እንዲቆይና በእርጥበት መለኪያ እንዲታይ በውሉ ላይ ማስጻፍ ያስፈልጋል። ሲጠየቁ ያደርጉታል፤ ካልተጠየቁ ግን አያነሱትም።